ይርገዱ የፈረመችው ወረቀት

የነርስነት ሥነ ምግባርና ሕግ የሚባለውን ትምህርት ኤ አምጥቼ ነው ያለፍኩት። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ አይደለም። ታሪኩን ሰምታችሁ ስትጨርሱ «ምስኪን፣ ባለማወቅ ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አእምሮው የተስተካከለ አዋቂ ሰው በገዛ አካሉ ላይ ለሚደረግ ሕክምና ፈቃድ የሚሰጠው ራሱ ነው፤ እሱ መናገር እየቻለ ባልም፣ አባትም፣ ወንድምም ሊፈርምለት አይገባም። ይህንን ለፈተና በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ አውቀው ነበር።

ያኔ ወረታ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። የሰሜን ሸዋ ልጅ ነኝ። በምሠራበት ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበርኩ፤ የገጠር ሰው ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ስለሚል እኔም ዶክተር ተብዬ ስጠራ ደስ ይለኝ ነበር፣ አላርምም። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሚስት የለኝም፤ ጠብ አልወድም። ይህ ጠብ አለመውደዴ ያኔ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

አሁን ስለ አንድ ልማዳችን ልንገራችሁ፤ ካላወቃችሁት የቀረው አይገባችሁም። ኦፕራሲዮን ከመደረጉ በፊት የሚፈረም የስምምነት ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ «የታካሚ ፊርማ» የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ «የቤተሰብ ፊርማ» የሚል። ሁለተኛው ለሕፃንና ራሱን ለሳተ ሰው ነው። እኛ ጋ ግን ከሁለቱ የሚፈለገው ሁለተኛው ነበር። በተለይ ታካሚዋ ባለትዳር ከሆነች የመጀመሪያው መስመር ባዶውን ቢያድርም ማንም አይጠይቅም። ለዚህም ምክንያት ነበረን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ባል «ሚስቴን ማን አስፈቅዳችሁ ቀደዳችኋት?» ብሎ ጠመንጃውን አንግቶ ግቢያችን ድረስ መጥቶ ነበር። ሴትየዋ ድና ቤቷ ገብታለች፤ ሰውዬው ግን የቀዶ ሕክምና ባለሙያውን አስፈራርቶ ከአገር አስለቀቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማትሮናችን፣ የነርሶች ኃላፊዋ ሲስተር ታየች፣ በጠዋት ስብሰባ ላይ «ባል ሳይፈርም የሴት ሆድ አይከፈት» አለች። በደብዳቤ አልወጣም፣ የትም አልተጻፈም። እኛ አገር ደግሞ ያልተጻፈ ትእዛዝ ከተጻፈ ሕግ ይበልጣል።

ወሩ የካቲት ነው። ሩዙ ተወቅቶ ገብቷል፣ የፎገራ ሜዳ ደርቆ ከብት ተለቆበታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሐይቁ በኩል ካለ ቀበሌ አንዲት ሴት መጣች። እስከ ጥርጊያው መንገድ በቃሬዛ፣ ከዚያ ወዲህ በባጃጅ ነው ያመጧት። ስሟ ይርገዱ ነው። ዕድሜዋ ሠላሳን ትንሽ አለፍ ያለ፣ ቀጭን፣ ፊቷ በላብ የራሰ ሴት ነበረች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ካለፈው ቀን ማታ ጀምሮ ያስመልሳታል፣ አየር እንኳ ከሆዷ አልወጣም። አብሯት የመጣው አያ ደሴ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ ስልሳ ዓመት የሚሆነው፣ ረጋ ያለ ገበሬ።

የቀዶ ሕክምና ባለሙያችን ሰሎሞን መጥቶ ሆዷን ዳሰሰ፣ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን አየና ወደ ጎን ወሰደኝ።

«አንጀቷ ተጠማዟል። ቶሎ ካልፈታነው ይሞታል፣ ከዚያ እሷም ትከተላለች። አሁን ምጥ የጠናባት እናት ጠረጴዛ ላይ ናት። እሷን እስክጨርስ ፈቃድ አስፈርምና አዘጋጅልኝ።»

ግሉኮስ ሰካሁላት፣ በአፍንጫዋ ቱቦ አስገባሁ፣ ቅጹን ከመሳቢያ አወጣሁ። ከዚያም ስለ ሕመሙ፣ ስለ ኦፕራሲዮኑ፣ ሊያጋጥም ስለሚችለው ነገር አንድ በአንድ አስረዳሁ። ያስረዳሁት ለአያ ደሴ ነው። እሷ እዚያው አልጋው ላይ፣ በመካከላችን ተኝታ ነበር።

«እኔማ አልፈርምም ልጄ» አለ አያ ደሴ። «የወንድሜ ሚስት ናት። ሆዷን አስከፍቼ አንድ ነገር ብትሆን ወንድሞቿ ምን ይሉኛል? ደም ነው። አገራችንን አታውቀውም።»

«ባለቤቷ የት ነው ያሉት?»

«ፈንታ? ወገቤን ብሎ ወንዛዬ ፍል ውሃ ከገባ አምስት ቀኑ ነው።»

«ይደወልላቸዋ።»

«ስልኩንማ ለሷ ትቶላት ነው የሄደ። ያውልህ ከመቀነቷ።»

እውነትም ትንሽዬ ስልክ መቀነቷ ውስጥ ተሸጉጣለች። አያ ደሴ ቢፈርም ብዬ ቅጹንና እስክሪብቶውን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ እያግባባሁት ሳለ ይርገዱ እጇን ዘርግታ ወሰደችው።

«እኔ እፈርማለሁ» አለች። «አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ስሜን እጽፋለሁ።»

በክርኗ ተደግፋ፣ ግሉኮስ በተሰካበት እጇ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ስሟን ጻፈች። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ የመጨረሻዋ ከመስመሩ ወደ ታች ወርዳለች። ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው።

«በል ውሰደው። ደሜም በራሴ ላይ ይሁን። አንቱም አይፍሩ አያ።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሕጉ የሚፈልገው ነገር ሁሉ በእጄ ላይ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ?

«እህቴ፣ የአንቺ ብቻ አይበቃም። ባለቤትሽ ይምጣና ይፈርማል።»

«የሚከፈተው የማን ሆድ ነው?»

ፈገግ አልኩ። ወረቀቱን አጥፌ የጋውኔ ኪስ ከተትኩት፤ ለእኔ የተበላሸ ቅጽ ነበር። ከመሳቢያው አዲስ ቅጽ አውጥቼ ከካርዷ ጋር አያያዝኩ። ሲስተር ታየች ዘንድ ሄጄ ነገሩን ስነግራት ቀና ብላም አላየችኝ።

«ባሏን አስፈልጉ። የአምናውን ረሳኸው? ያ ጠመንጃ የዞረው ወደ አንተ ቢሆን እንዲህ ትጠይቀኝ ነበር?»

ሲስተር ክፉ ሰው አይደለችም። ሃያ ስንት ዓመት ያገለገለች፣ ለድኻ በሽተኛ ከቤቷ ምግብ የምታመጣ ሴት ናት። ፈራች፤ እኔም ፈራሁ። የሷ ፍርሃት ለእኔ መመሪያ ሆነኝና ቀለለኝ።

አራት ሰዓት ላይ ባለሞተር ተገኝቶ ወደ ወንዛዬ ተላከ። ሄዶ ሰውዬውን ከዚያ ሁሉ ገላ ታጣቢ መካከል ፈልጎ እስኪመልሰው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ግን ጮክ ብሎ አልቆጠረም።

አምስት ሰዓት ሲሆን ሰሎሞን የምጡን ኦፕራሲዮን ጨርሶ ብቅ አለ።

«ተፈረመ?»

«ባሏን እየጠበቅን ነው። ሲስተር ያለ ባል አይሆንም ብላለች።»

«እሷ ራሷስ ምን ትላለች?»

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። አውጥቼ «ፈርማለች» ብል ሰሎሞን ያስገባት ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ ነው የማምነው። ኃላፊነቱ ግን የእኔ ሊሆን ነው፤ ነገ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ሲመጣ «ማን አስፈረመ?» ሲባል ስሜ ሊጠራ ነው።

«ታማለች፣ ምን ትላለች» አልኩት።

ሰሎሞን አዲስ ሰው ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው እንዴት እንደ ሄደ ሰምቷል። ትከሻውን ሰብቆ «እንግዲያው እንደ መጣ ጥሩኝ» ብሎ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት መተረክ አልወድም፤ ግን መተረክ አለበት። ይርገዱ አትጮህም ነበር። ሕመሙ ሲነሳባት የአልጋውን ብረት ትይዛለች፣ ሲለቃት እኔን ትፈልጋለች። በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር «ዶክተር፣ ፈርሜያለሁ እኮ» ትለኛለች። እኔም «አይዞሽ፣ እየመጣ ነው» እላለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ «ልጆቼ ሦስት ናቸው፣ ትንሿ ጡት ገና መተዋ ነው» አለችኝ። ሰባት ሰዓት ላይ አያ ደሴን «እስቲ አንቱ እንኳ ይማለዱልኝ» ስትለው ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ መንገድ ቀይሬ በሌላው በር መመላለስ ጀመርኩ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ዝም አለች። ሄጄ ሳያት ፊቷ ተፈቷል፣ የአልጋውን ብረት ለቃዋለች።

«ቀለለኝሳ» አለች። «ምኑም የለ። ሕመሙ ጥሎኝ ሄደ።»

አያ ደሴ ተነስቶ በእግዚአብሔር ስም አማተበ። «ተመስገን! እንግዲያ ወደ ቤታችን እንሂዳ። መቀደዱም ቀረ።»

እጄን ሆዷ ላይ አደረግኩ፤ ውጥረቱ እንዳለ ነው። የልብ ምቷን ቆጠርኩ፤ ለመቁጠር እስኪያስቸግር ይሮጣል። የሞተ አንጀት አያምም። ይህንንም ተምሬዋለሁ። ደስ ብሏቸው ሲያዩኝ ምን ብዬ ልንገራቸው? ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ሮጥኩ። ሰሎሞን ወጥቶ አያትና ፊቱ ተለወጠ። ወደ ሲስተር ቢሮ ገባ፤ ሲጯጯሁ ተሰማኝ። በመጨረሻ «ባለሞተሩ ደውሏል፤ ባልየው አንበሳሜ ከተማ ደርሷል፤ እስኪመጣ ደም አዘጋጁ» ብለው ተስማሙ። ያን ጊዜም ወረቀቱን አላወጣሁትም። አሁንማ ባወጣው «ከጠዋት ጀምሮ የት ነበር?» ልባል ነው።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ፈንታ ደረሰ። ረጅም፣ ከወገቡ ጎበጥ ያለ ሰው ነው፤ ከሞተሩ ሲወርድ መቆም አቅቶት ግድግዳ ያዘ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ «የት ላይ ነው?» አለ። አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ ቅጹ ላይ አሳተምኩት። ግማሽ ደቂቃም አልፈጀ።

«ይኸው ነው?» አለ ጣቱን እያየ።

«ይኸው ነው።»

«ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ የጠበቃችሁኝ? እሷን አትጠይቋትም ነበር? ከኔ እሷ አይዶል የምታውቅ፣ ፊደል የቆጠረች።»

ተሽከርካሪውን አልጋ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የገፋሁት እኔ ነኝ። በኮሪደሩ ላይ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«አሁን በቃ? ፊርማው በቃ?» አለች።

«በቅቷል እህቴ» አልኳት።

ሰሎሞን ሆዷን ሲከፍት አንጀቷ ጠቁሮ ነበር። የሞተውን ቆርጦ አወጣ፤ መርዙ ግን በደሟ ተሰራጭቷል። በማግሥቱ ጠዋት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋዋ ላይ ሳለች፣ ይርገዱ ሞተች። ፈንታ እግሮቿን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሰሎሞን ወደ እኔ ዞሮ «ጠዋት ባገኛት ኖሮ ፈትቼው ብቻ እመልሰው ነበር» አለኝ።

ከቀትር በኋላ ሲስተር ታየች ጠራችኝ። ካርዱ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል።

«ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ባዶ ነው። የሞት ምርመራ ኮሚቴ ሲያየው ምን ይላል?»

«የሆነውን እንጻፍ።»

«የሆነው ምንድን ነው? አንተ ነህ ያስጠበቅካት ወይስ እኔ?» እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋችው። «ጻፍ፤ ታካሚዋ ባለቤቷ እስኪመጣ ድረስ ለኦፕራሲዮኑ ፈቃደኛ አልሆነችም። ሙታን አይከሰሱም፣ አይጎዱም።»

ጻፍኩት። በቆንጆ የእጅ ጽሑፌ፣ ሰዓቱን አስቀምጬ፣ ስሜን ከሥሩ ጽፌ ፈረምኩ። በሕይወት ሳለች «እሺ» ስትል ያልተቀበልኳትን ሴት፣ ከሞተች በኋላ «እምቢ» አሰኘኋት። ኮሚቴው ጥፋት የለም ብሎ ዘጋው።

ሙታን አይጎዱም ያለችው ሲስተር ተሳስታ ነበር፤ ቢያንስ ቋሚው ይጎዳል። ከአርባዋ በኋላ ፈንታ መጣ። ከስቷል፣ ጢሙን አልተላጨም። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ።

«ወንድሞቿ እዚህ በሚሠራ ዘመዳቸው ካርዷን አስነብበዋል» አለኝ። «ባሌ ሳይመጣ አልቀደድም ብላ ነው የሞተች ይላል አሉ። አንተ ነህ ያስፈራራሃት፣ እኔ ሳልኖር እንዳትነኪ ብለህ ነው ፍል ውሃ ላይ የተንፈላሰስክ እያሉኝ ነው። ሽማግሌ ተቀምጧል። ትንሹ ወንድሟ ቤቴን ሲዞር ያድራል። እኔም ደጄ ላይ መቀመጥ ትቻለሁ።» ጠጋ አለኝና «እኔን ስትጠብቅ ነው የሞተች?» አለኝ። «እውነቱን ንገረኝ። የሚገድሉኝን ይግደሉኝ፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ነው እንቅልፍ ያጣሁ።»

አፌን ስከፍት ውሸቱ ተዘጋጅቶ ነበር። ከውስጤ የወጣው ግን «ቆዩኝ» የሚል ቃል ነው። ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ ሳጥኔን ከፈትኩ። የዚያን ቀን ማታ ጋውኔን ላጥብ ስል ከኪሴ ያገኘሁትን ወረቀት ልቀደው አስቤ አልቻልኩም ነበር። አምጥቼ ሰጠሁት።

ፈንታ ማንበብ አይችልም፤ ግን ዓይቶ አወቀው። «የሷ ጽሕፈት ነው» አለ። «መቼ ነው የጻፈችው?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። ጠዋት።»

«እኔ የመጣሁትስ?»

«አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል።»

በጣቶቹ ቆጠረ። ሲጨርስ እንደገና ቆጠረ።

«እንግዲያ ስትለምናችሁ ውላ ነዋ» አለ።

«አዎ። እኔን ነው የለመነችኝ። ካርዱ ላይ ያለውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብመታ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን በጋቢው ጫፍ ቋጠረ።

«ይቅርታውን የምታውቀው እሷ ነበረች» አለና ወገቡን ደግፎ በግቢው በር ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አስነበቡት። ትንሹ ወንድሟ ጠመንጃውን አወረደ። ወደ እኛ ግቢ ማንም ታጥቆ አልመጣም፤ ያ ሁሉ የፈራነው ጠመንጃ አልመጣም። የዚያ አካባቢ ሰው ብቻ ወደ ሆስፒታላችን መምጣት ቀነሰ። ቃሬዛ ይዘው በበራችን ፊት ለፊት ባለው መንገድ አልፈው ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ አይቻለሁ። አንዳንዱ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ያንን ማን ይመዘግበዋል?

ይህን የምታነቡ፣ ከሙያው ወገን የሆናችሁም ያልሆናችሁም፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። እኛ ቅጽ የምናስፈርመው በሽተኛውን ለመጠበቅ ነው ተብለን ተምረናል። ሥራ ስንገባ ራሳችንን መጠበቂያ አደረግነው። ከዚያ ወዲህ እኔ ታካሚ ሳናግር ዓይኔን አጠገቡ ወደ ቆመው ሰው አላዞርም፤ ባልም ቢኮሳተር፣ አባትም ቢቆጣ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው የተኛውን ነው። ጥቂቶች ይሰድቡኛል። ይህ ትልቅ ነገር መስሏችሁ እንዳታመሰግኑኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደመወዝ ይከፈለኝ የነበረው ለዚህ ነው። ሚስት፣ እናት፣ እኅት ያላችሁ ደግሞ፣ ሐኪም ቤት ገብታችሁ ነርሱ ወደ እናንተ ዞሮ ማስረዳት ሲጀምር «እሷን ንገራት» በሉት።

ስለ ቅጣቴ ሳልነግራችሁ አልጨርስም፤ መቀጣቴ አልቀረምና። ወረቀቱ ሽማግሌ ፊት መነበቡ ሲሰማ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠራኝ። የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ይርገዱ ጠዋት መፈረሟን፣ እኔ መደበቄን፣ ካርዱ ላይ በሐሰት መጻፌን። ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ ቆየ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከድንገተኛ ክፍል ተነስቼ ለስድስት ወር ካርድ ክፍል እንድሠራ ተወስኗል፤ ጥፋቴም «የታካሚን ምስጢር የያዘ ሰነድ ያለ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ መስጠት» ይላል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ስድስት ሰዓት ተኩሉ አንድም ቃል የለበትም። ሦስተኛ ወገን የተባለው ባሏ ነው፤ ይርገዱ ደግሞ «አንዲት ታካሚ» ተብላለች።